አንድ ላይብረሪ፣ ሁለት መልክ፦ ከቁሉምሳ እስከ ኢተያ

ከአዳማ ተነስቶ ዴራን አልፎ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ኢተያ ሲቃረብ ዓይኑ የሚያርፈው ስንዴ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሮች ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሲያጭዱ ይውላሉ፣ አይሱዙዎች በየማሳው ጫፍ ጭነት ይጠብቃሉ፣ በከተማዋ መጋዘኖች በር ላይ ኩንታል ሲመዘን ይመሻል። የሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ኢተያ በስንዴ የቆመች ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ደቡብ ጎንዴን አልፎ አሰላ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ደግሞ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ካዱ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወሰው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረ ወዲህ የአርሲ ስንዴ ታሪክ ከዚህ ስፍራ ተነጥሎ አያውቅም።

የአርሲ ገበሬ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ከድርቅ ባልተናነሰ ይፈራዋል፤ ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነስቶ በወቅቱ ሰፊ መሬት ይዞ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ብዙው ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2013 መገባደጃ፣ የግንድ ዋግ አርሲና ባሌ ላይ ተነሳና ዲገሉን ለይቶ መታው፤ አንዳንድ ማሳ ላይ የሚታጨድ ነገር አልቀረም። ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን መርምረው ቲኬቲቲኤፍ የሚል መለያ ሰጡት።

መለያው ለወረቀት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ማሳ ላይ የወረደው ዋግ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ የትኛው ስንዴ እንደሚቋቋመው አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ ግን ናሙናው ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ ወይም ወደ ዴንማርክ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር፤ መልሱ ሲደርስ ምርቱ ወይ ጎተራ ገብቷል ወይ ጠፍቷል። ይህን ጊዜ ለማሳጠር የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ሲሚት እና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በጋራ ማርፕል የተባለ የምርመራ ዘዴ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሆለታ ላይ ሲሞከር የቢጫ ዋጉን ዓይነት በ48 ሰዓት ውስጥ መለየት አስቻለ። የዘዴው ልብ ሚንአዮን የምትባል፣ መዳፍ ላይ የምታርፍና በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር የምትገናኝ የዘረመል ማንበቢያ ናት።

ስለ መሣሪያዋ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ ላቦራቶሪ ከሚባለው ትልቅ ሕንፃ ወጥቶ ወደ ማሳ ዳር ሲቀርብ ሶፍትዌሩም አብሮ ይወጣል። ከሠሪዎቹ ርቆ፣ ኢንተርኔት ሲኖር በሚገኝበት ሲጠፋ በሚጠፋበት ቦታ፣ ፕሮግራም መሥራት ሙያው ባልሆነ ሰው እጅ ይገባል። እዚያ ለምን እንደማይከፈት የሚነግር ሰው በአጠገብ የለም። ፕሮግራም በሩቅ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዳይከፈት ከሚያደርጉት ነገሮች ደግሞ አንዱና ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የዲባግና የሪሊዝ ላይብረሪዎች መቀላቀል ነው።

ሚንአዮን ያነበበችው የኤሌክትሪክ ምልክት ለብዙ ዓመት ይጻፍ የነበረው ፋስት5 በሚባል ፋይል ነበር። ፋስት5 ከውስጡ ሲታይ ኤችዲኤፍ5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለው የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የወጣ፣ ዛሬ ኤችዲኤፍ ግሩፕ የሚጠብቀው፣ ብዙ ቁጥር በአንድ ፋይል በሥርዓት ለማስቀመጥ የተሠራ ቅርጽ። የአየር ንብረት መረጃ የሚመረምረውም፣ የሳተላይት ምስል የሚያነበውም፣ ዘረመል የሚቆጥረውም ይጠቀምበታል። ኤችዲኤፍ5 ቅርጹን የሚያነብና የሚጽፍ ላይብረሪም ነው። ላይብረሪው በዊንዶውስ ዲኤልኤል፣ በሊኑክስ ኤስኦ፣ በማክ ዲላይብ የሚል መጨረሻ ይዞ ለብቻው ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠራዋል፤ ሌላው ፕሮግራምም ያንኑ ይጠራል። የሰፈር ሰው ሁሉ በየቤቱ ወፍጮ ከሚተክል አንድ ወፍጮ ቤት እንደሚያስፈጨው ማለት ነው።

ይህ ላይብረሪ ሲሠራ ሁለት መልክ አለው። ዲባግ የሚባለው ለሠሪው ነው፤ ኮዱ እንደተጻፈ ሳይጨመቅና ሳይፋጠን ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ መመሪያ ከየትኛው መስመር እንደመጣ ይመዘገባል፣ በየመንገዱ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ዝርዝሩ ባዶ ነው ወይ? ቁጥሩ ከገደቡ አልፏል ወይ? ሪሊዙ ለተጠቃሚው ነው፤ ጥያቄዎቹ ይወገዳሉ፣ ኮምፓይለሩ ኮዱን ደራርቦና ቆራርጦ ያፈጥነዋል፣ ፋይሉም ያንሳል። ሁለቱም ከአንድ ኮድ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ስህተትን በዲባግ ሳይፈትሽ ሪሊዝ የሚያወጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እየሠራ ነው። ዲባጉን ለተጠቃሚ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ገና በስካፎልዲንግ ላይ ያለ ቤት እያከራየ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኢተያ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ወጣት አገኘሁ። አዳማ ተምሮ ተመልሷል፤ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራል። የመኪናው ታርጋ፣ የሹፌሩ ስም፣ ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የዕለቱ ሪፖርት። ፕሮግራሙን የጻፈው በሲፕላስፕላስ ነው፤ መስኮቶቹንና ቁልፎቹን የሚሠሩለት ኪዩት የሚባሉት ላይብረሪዎች ናቸው። እሱ ቤቱ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ነጋዴዎቹ ጋ ያለው ደግሞ ዊንዶውስ ነው።

አዲስ ቨርዥን በጨረሰ ቁጥር ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ኮፒ ቤት ይሄዳል። አብሬው ገባሁ።

“አካም ቡልታን እትዬ?”

“ደህና ነህ የኔ ልጅ? ዛሬም ልትሞክርብኝ መጣህ?” አሉ ባለቤቷ፣ የሚያባዙትን የቀበሌ ደብዳቤ ሳይተዉ።

“አምስት ደቂቃ ብቻ ይፍቀዱልኝ።”

“ቫይረስ እንዳታስገባብኝ ብቻ።”

ኮምፒውተሩ ያረጀ ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ የቢሮ ፕሮግራሞችና የፕሪንተር ሶፍትዌር፣ ከዚያ ውጭ ምንም የለበትም። ለወጣቱ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ለዊንዶውስ ቢልድ የሚያደርግበት የራሱ ኮምፒውተር ቪዥዋል ስቱዲዮ የተጫነበት ስለሆነ ማንኛውም ነገር እዚያ ላይ ይነሳል፤ የጎደለ ላይብረሪ ቢኖር የሠሪው መሣሪያ ከጓዳው አውጥቶ ይሞላዋል። የእትዬ ኮምፒውተር ጓዳ የለውም። የነጋዴው ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው።

ፍላሹ ላይ ሁለት ፎልደር አለ። ለእኔ ለማሳየት ብሎ መጀመሪያ ዲባጉን ከፈተ። ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፤ ኤምኤስቪሲፒ140ዲ የሚባል ዲኤልኤል ስላልተገኘ መቀጠል እንደማይቻል፣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ችግሩን ሊፈታው እንደሚችል ትናገራለች።

“እቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን ‘ዲ’ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ያላየ ግን ሲጭንና ሲያነሳ ይኖራል” አለኝ።

እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት የሲፕላስፕላስ መሠረታዊ ላይብረሪዎቹን በሁለት ያወጣቸዋል፤ ዲ የሌላቸው የሪሊዝ ናቸው፣ ዲ ያላቸው የዲባግ። የሪሊዞቹን ማንም ሰው በነጻ አውርዶ መጫን ይችላል፤ ቪሲ ሪዲስት የሚባለው ፋይል እነሱን ይዟል። የዲባጎቹን ግን ከሠሪ ኮምፒውተር ውጭ ማሠራጨት ፈቃዱ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሪዲስቱ ውስጥ አልተካተቱም። ተጠቃሚው በስልኩ ዳታ ያንን ፋይል አውርዶ ይጭናል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ያቺው መስኮት ተመልሳ ትወጣለች። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፤ የጎደለውን የዲኤልኤል ስም ጎግል ላይ ጽፎ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ነጠላ ፋይል አግኝቶ፣ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ይወረውረዋል። የመጋዘን ሒሳብ በሚያዝበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ አደገኛ ነው። እዚያ ያደረሰው ግን ተጠቃሚው ሳይሆን የተሳሳተውን ፎልደር የላከለት ሰው ነው።

ሁለተኛው ፎልደር ተከፈተ፤ የኩንታል መመዝገቢያው ፊት ለፊት ተዘረጋ። ወጣቱ ግን አልጨረሰም። ከዲባጉ ፎልደር አንድ ፋይል አውጥቶ፣ ኪዩት መስኮት እንዲከፍት የሚረዳውን የሪሊዝ ፕለጊን በዲባጉ ተካው። አሁን ፕሮግራሙ መስኮት የሚከፍትለትን ፕለጊን ማስነሳት እንዳልቻለ ተናግሮ ተዘጋ። ኪዩት ፕለጊኖቹ ላይ የትኛው መልክ እንደሆኑ ስለሚጽፍባቸው፣ ዊንዶውስ ላይ ዲባግና ሪሊዝ ላይብረሪ አይቀላቀልም ብሎ በግልጽ እምቢ ይላል። ስማቸውም ይለያል፤ ኪዩት5ኮር የሪሊዙ፣ ኪዩት5ኮርዲ የዲባጉ። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ላይብረሪ ግን ብዙ የለም። ብዙው ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ጉዳቱ ቆይቶ ይታያል።

እንዴት እንደሚታይ ቀረብ ብለን እንየው። በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ቬክተር የሚባለው የዝርዝር ዓይነት በ64 ቢት ሪሊዝ 24 ባይት ይይዛል፤ ሦስት አድራሻዎች ናቸው፤ ዝርዝሩ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ የተያዘለት ቦታ የት ያልቃል። በዲባግ ግን 32 ባይት ነው። ትርፍ 8 ባይቱ ከፊት ይቀመጣል፤ ዝርዝሩን የሚጠብቅና የሚቆጣጠር ሌላ አድራሻ ነው። አሁን ዲባግ የሆነው ፕሮግራም የመኪኖችን ዝርዝር ሪሊዝ ለሆነ ላይብረሪ አሳልፎ ሰጠ እንበል። ላይብረሪው የመጀመሪያውን 8 ባይት አንስቶ “ዝርዝሩ እዚህ ይጀምራል” ይላል፤ ያነሳው ግን የጠባቂውን አድራሻ ነው። ማብቂያው ነው ብሎ የሚያየው ደግሞ መጀመሪያውን ነው። የታርጋ ቁጥር ካለበት ቦታ የማይታወቅ ነገር አንብቦ ይቀጥላል፤ ሲሻው ያኔውኑ ይወድቃል፣ ሲሻው የተሳሳተ ኩንታል ጽፎ ያልፋል። የሚወድቀው ከሚቀጥለው ይሻላል።

ይህ መቀላቀል በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ በአንድ ሊንክ ላይ ከሆነ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ይይዘዋል፤ ኤልኤንኬ2038 የሚል ስህተት ያወጣል፣ ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ደረጃ እንደተሠሩ ይናገራል። በዲኤልኤል በኩል ከሆነ ግን ማንም አይይዘውም። በር ላይ የሚቆም ጠባቂ የለም።

ሌላው መንገድ በማህደረ ትውስታ በኩል ነው። ዊንዶውስ ላይ የዲባጉ መሠረታዊ ላይብረሪና የሪሊዙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ ይይዛሉ። ዲባጉ አዲስ የሰጠውን ቦታ ሲዲ በሚል ሄክሳ ቁጥር ይሞላዋል፣ የተመለሰለትን በዲዲ፤ በዲባገር ከፍቶ ያየ ሰው ሲዲሲዲሲዲሲዲ ተደርድሮ ሲያገኝ “ይህ ገና አልተጻፈበትም” ብሎ ያውቃል። ጠቃሚ ልማድ ነው። ነገር ግን አንዱ የሰጠውን ቦታ ሌላው ሊመልስ ቢሞክር መዝገቡ ላይ የለም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ ወይም መዝገቡ ተበላሽቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም በማያገናኝ ቦታ ይወድቃል።

ወደ ኤችዲኤፍ5 የሚመልሰን ይህ ነው፤ ችግሩ እዚያ በግልጽ ተጽፎ ይገኛልና። ኤችዲኤፍ5 ፋይሉን ለመጭመቅና ለመዘርጋት ፊልተር የሚባሉ ፕለጊኖች ይቀበላል። ሚንአዮን ራሷ ቆየት ብላ ቪቢዜድ የሚባል መጭመቂያ መጠቀም ጀመረች፤ ያ ፕለጊን ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፋስት5 ፋይሉን ሲከፍት ስሙንና ርዕሱን ያያል፣ ምልክቱን ግን ማንበብ አይችልም። ፕለጊኑ ራሱ ሌላ ላይብረሪ ነው፤ ሌላ ሰው፣ በሌላ ኮምፒውተር፣ ምናልባትም በሌላ መልክ የሠራው። ፊልተሩ ሥራውን ሲጨርስ የተዘረጋውን መረጃ የያዘ ቦታ ለኤችዲኤፍ5 ያስረክባል፤ ቦታውን የሚመልሰው ኤችዲኤፍ5 ነው። ቦታውን የያዘው አንዱ፣ የሚመልሰው ሌላው። ፊልተሩ ሪሊዝ ሆኖ ኤችዲኤፍ5 ዲባግ ከሆነ ከላይ ያልነው ይደርሳል። ለዚህ ብለው የኤችዲኤፍ5 ሠሪዎች በ1.8.15 ቨርዥን ለፊልተር ጸሐፊዎች የራሳቸውን የቦታ መጠየቂያ ተግባር ጨመሩ፤ ማብራሪያውም በተለይ ዊንዶውስ ላይ የዲባግና የሪሊዝ መሠረታዊ ላይብረሪዎች ስለሚለያዩ ይህን መጠቀም አስፈላጊ እንደሆነ ይናገራል። ሁሉም ሰው ከአንድ ጓዳ ይጠይቅ፣ ወደዚያው ይመልስ ነው ነገሩ። የራሱን ላይብረሪ ለሌሎች የሚሰጥ ኢትዮጵያዊ ገንቢ ሁሉ ይህን ልማድ ቢይዝ እወዳለሁ፤ ቦታ የሰጠ ተግባር ካለ የሚመልስ ተግባርም አብሮ ይውጣ።

ኤችዲኤፍ5 በስምም ይጠነቀቃል። ሲሜክ በሚባለው የቢልድ መሣሪያ ሲሠራ የዲባጉ ላይብረሪ ዊንዶውስ ላይ “የታች ሰረዝ ዲ” ይጨመርበታል፣ በሌሎቹ ላይ “የታች ሰረዝ ዲባግ”። ከዚህም አልፎ ፕሮግራሙ የተሠራበት የሄደር ቨርዥንና ሲነሳ ያገኘው የላይብረሪ ቨርዥን ካልገጠሙ ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ በመጨረሻ “ባይ” ብሎ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል። ማስጠንቀቂያውን በአንድ ኢንቫይሮንመንት ቫርያብል ማለፍ ይቻላል፤ 1 ካሉት አስጠንቅቆ ይቀጥላል፣ 2 ካሉት ዝም ይላል። 2ን የመረጠ ሰው የስንዴ በሽታ ውጤት ለሚጠብቅ ገበሬ ምን እንዳደረገ ማሰብ አለበት። የማይገጥም ላይብረሪ የሚሰጠው ቁጥር ልክ ይመስላል፤ ልክ ያልሆነበት ቀን ግን ማንም አያውቅም።

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው ስለ ዊንዶውስ መሆኑ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ብዙም አያውቀውም፤ ለዚህም ነው የሚሰናከለው። ሊኑክስ ላይ መሠረታዊው የሲፕላስፕላስ ላይብረሪ አንድ ነው። ዲባግ ማለት በአብዛኛው የመስመር ምልክት መጨመርና ማፍጠኑን መተው ስለሆነ፣ ዲባግ ፕሮግራም ሪሊዝ ላይብረሪ ቢጠራ ይሠራል፤ የዕቃው መጠን አይለወጥም። የሚለወጠው የጂሊብሲኤክስኤክስ ዲባግ የሚባለውን ጥብቅ መፈተሻ ያበራ ሰው ዘንድ ነው። ማክም ወደ ሊኑክስ ያዘነብላል፤ ዲባግ የሚል ቅጥያ ያላቸውን ላይብረሪዎች ሲነሳ ፈልግ የሚል ቅንብር አለው፣ ከዚያ በላይ የሚያስቸግር አይደለም። ስለዚህ በሊኑክስ የለመደ ወጣት አንድ ፎልደር ውስጥ ሁለቱን መልክ በአንድ ስም ሲያስቀምጥ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሲደመስስ፣ ችግር አይታየውም። ዊንዶውስ ላይ ያው ልማድ ነጋዴው ፊት ያሳፍረዋል።

ሲሜክ ደግሞ ይህን ልዩነት ለመሸፈን የተሠራ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኪትዌር በሚባል የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ፣ የሕክምና ምስል ለሚመረምር ሶፍትዌር ተብሎ ተጀመረ፤ ዛሬ በየስርዓቱ ላይ አንድ የቢልድ ትእዛዝ ለመጻፍ ዋናው መንገድ ሆኗል። የኢተያው ወጣትም ይጠቀምበታል። ግን እዚህ ውስጥ ብዙዎችን የጣለ አንድ ነገር አለ፤ አንዱ ትእዛዝ በሁለት ኮምፒውተር ሁለት ነገር ያወጣል። ሊኑክስ ላይ በሜክፋይል የሚሠራ ሲሜክ መልኩን የሚጠይቀው ገና ሲዘጋጅ ነው፤ ካልተነገረው ደግሞ ዲባግም ሪሊዝም ያልሆነ፣ ያልፈጠነና የመስመር ምልክት የሌለው ነገር ያወጣል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ግን ሲዘጋጅ የተነገረውን አይሰማም። ሲሜክ በራሱ የሚያውቃቸውን አራት መልኮች አንድ ላይ ይዞ ይዘጋጃል፣ የሚመርጠው ቢልድ ሲደረግ ነው። ያኔ “ሪሊዝ” ብሎ በግልጽ ያልጻፈ ሰው የሚያገኘው ዲባግ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲዘጋጅ ሪሊዝ ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ ትእዛዝ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ፣ ሪሊዝ ሠራሁ ብሎ አምኖ፣ ዲባጉን በፍላሽ ወደ ነጋዴው ይወስዳል። ወጣቱ አሁን በሁለቱም ቦታ መልኩን በስሙ ይጽፋል፤ ሲዘጋጅም፣ ቢልድ ሲደረግም።

ሌላው ወጥመድ ሦስተኛው መልክ ነው። ሲሜክ ሬልዊዝዴብኢንፎ የሚለው፣ እንደ ሪሊዝ የፈጠነ ግን የመስመር ምልክት የያዘ መልክ አለ። እኔ ለተጠቃሚ የሚሄደው ሁሉ በዚህ መልክ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ላይብረሪ ዲባግና ሪሊዝ ብቻ ካለው፣ ሲሜክ ለዚህ ሦስተኛ መልክ የትኛውን እንደሚያነሳ በግልጽ ካልተነገረው ካሉት አንዱን ያነሳል፤ የሚያነሳው ዲባጉን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “ይህ መልክ ሲጠራ ሪሊዙን ስጠው” የሚል መስመር መጻፍ ግድ ነው። ላይብረሪ ቪሲፒኬጅ በሚባለው የላይብረሪ ማምጫ መሣሪያ የሚያመጣ ሰው በዚህ በኩል ትንሽ ያርፋል፤ ቪሲፒኬጅ የዲባጎቹን ለብቻ ዲባግ በሚል ፎልደር፣ የሪሊዞቹን ከውጭ ያስቀምጣቸዋል፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም አንዱ ሌላውን አይደመስስም። የራሱን ላይብረሪ የሚሠራ ደግሞ ሲሜክ ውስጥ የዲባግ ቅጥያ የሚባለውን በአንድ መስመር “ዲ” ብሎ ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ መልኮች አንድ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጡ እንኳ በስም ይለያሉ።

አንድሮይድ ላይ ጉዳዩ ጠበብ ይላል። ኤፒኬው ውስጥ የሚገባው ኤስኦ ፋይል ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት በየፎልደሩ ይቀመጣል፣ የመስመር ምልክቱ ለሪሊዝ ሲታሸግ ይራገፋል። ገንቢው ምልክቱን ለይቶ ማስቀመጥ ከረሳ ግን የስልኩ የውድቀት ሪፖርት ባዶ አድራሻ ብቻ ይሆንበታል።

ከሁሉ በላይ ልናገርበት የምፈልገውም የምልክት ፋይል ጉዳይ ነው። ዲባግና ሪሊዝን የመለየት ሥራ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ሲላክ ያለቀ ይመስላል። ሪሊዝ ሲሠራ ግን ከላይብረሪው ጎን የሚወጣ ሌላ ፋይል አለ። ዊንዶውስ ላይ ፒዲቢ ይባላል፣ ማክ ላይ ዲሲም፤ ሊኑክስ ላይ ምልክቱ ከላይብረሪው ተገንጥሎ ለብቻ ይቀመጣል። ወደ ተጠቃሚ መሄድ የለበትም፤ ትልቅ ነው፣ የኮዱንም ውስጥ ያሳያል። መጣልም የለበትም። እያንዳንዱ ላይብረሪ ከራሱ ምልክት ፋይል ጋር የሚያገናኘው መለያ ቁጥር በውስጡ ተጽፏል፤ ሊኑክስ ላይ ቢልድ አይዲ ይሉታል። ብዙ ሰው “ካስፈለገኝ ኮዱን እንደገና ቢልድ አደርገዋለሁ” ይላል። ዊንዶውስ ላይ በተለመደው አሠራር ያው ኮድ እንደገና ቢልድ ሲደረግ አዲስ መለያ ይወጣል፤ ዲባገሩም አይገጥምም ብሎ ይመልሰዋል። ያቺን ዕለት የወጣችው ፒዲቢ ከጠፋች ጠፋች ነው።

የኢተያው ወጣት ለእያንዳንዱ ቨርዥን ሁለት ዚፕ ያዘጋጃል። አንዱ ሪሊዙን ከሚያስፈልጉት የኪዩት ላይብረሪዎች ጋር ይይዛል፤ ወደ ነጋዴው የሚሄደው እሱ ነው። ሌላው ፒዲቢዎቹን ይይዝና ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ቤቱ ባለ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው አዳማ ያለ ጓደኛው ጋ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ፣ የወደቀበትን ሁኔታ የሚመዘግብ ሚኒደምፕ የሚባል ፋይል እንዲጽፍ አድርጎታል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ነጋዴው በቴሌግራም ይልክለታል፤ ስልክ ደውሎ “ዝም ብሎ ጠፋ” ከማለት ይህ ይሻላል።

አንዱን አሳየኝ። የመጣው አሰላ ካለ መጋዘን ነው፤ የመውሊድ ዕለት። ነጋዴው መጋዘኑን ሊዘጋ ሲል እንደ ልማዱ የዕለቱን ሪፖርት ጠየቀ፣ ፕሮግራሙ ጠፋ። ወጣቱ ደምፑን ከዚያው ቨርዥን ፒዲቢ ጋር ሲከፍተው ዲባገሩ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ከዕለቱ መኪኖች ዝርዝር የመጀመሪያውን የሚያነሳ መስመር። በበዓሉ ምንም መኪና አልገባም፤ ዝርዝሩ ባዶ ነበር። ሪሊዙ ባዶ ዝርዝር መሆኑን ሳይጠይቅ ወደ ዜሮ አድራሻ ሄዶ ወደቀ። ወጣቱ ያንኑ ባዶ ቀን በዲባጉ መልክ ቤቱ ላይ ሞከረው፤ እሱ አልወደቀም፣ ባዶ ቬክተር ላይ የመጀመሪያው ተጠየቀ ብሎ መስመሩን ጠቅሶ ቆመ። መጠየቂያዋን ጨመረ፣ “ዛሬ የገባ ጭነት የለም” የሚል ሪፖርት እንዲወጣ አደረገ፣ ባዶውን ቀን ከመፈተኛዎቹ ዝርዝር ጋር ቀላቀለው። ከዚያ ሁለቱንም መልክ እንደገና ቢልድ አድርጎ አዲሱን ፒዲቢ በአዲሱ የቨርዥን ቁጥር አስቀመጠ፤ ወደ አሰላ የሄደው የሪሊዙ ዚፕ ብቻ ነበር።